በአርብ ጨዋታ የማይሸነፉት ሰው

ሱሀይር ከአራተኛ ክፍል ትምህርቷን አቋርጣ ነው የተዳረችው። ከሲኒማ ራስ ጀርባ ባለችው ቤታቸው ልጆቿን ስታሳድግ ደጁ መጫወቻ አልነበረም። ከበሩ አንድ እርምጃ ሲወጡ ጋሪ፣ ሁለት እርምጃ ሲወጡ የጭነት መኪና ነው። ልጆቹ ቤት ተዘግተው እርስ በርስ መናከስ ሲጀምሩ፣ ከልብስ ሰፊው ደጅ ቁርጥራጭ ጨርቅ ለቃቅማ አስራ ሁለት ትናንሽ ከረጢቶች ሰፋች። በአንዱ ኮረሪማ፣ በአንዱ አብሽ፣ በአንዱ ጥቁር አዝሙድ፣ በአንዱ ቅርንፉድ እያለች ሞላቻቸው። በአራቱ ደግሞ ከተለያየ አገር የመጣ የበርበሬ ዛላ ከተተችባቸው።

ጨዋታው አርብ ከጁምዓ በኋላ፣ ምሳ ተበልቶ ትሪው ሲነሳ ይጀመራል። ተራ የደረሰው ሰው ዓይኑ በሻርፕ ይታሰርና ከረጢቱን አሽትቶ በውስጡ ያለውን ይናገራል። በርበሬ ከደረሰው ስሙ ብቻ አይበቃም፤ የማረቆ ይሁን የአላባ፣ የዘንድሮ ይሁን የከረመ፣ ደረቅ ይሁን እርጥበት የነካው፣ መለየት አለበት። የተሸነፈ የምሳውን ሳህን ያጥባል።

ሳህን አጥበው የማያውቁት ባሏ ሙናዊር ብቻ ነበሩ። በርበሬ በረንዳ በሚባለው የበርበሬ ገበያ አርባ ዓመት ሠርተዋል። ሻጭና ገዢ ሲጨቃጨቁ "ሙናዊር ያሽትቱት" ይባላል። እሳቸውም አንድ ዛላ ያነሳሉ፤ ጆሯቸው አጠገብ ነቅነቅ አድርገው የፍሬውን ድምፅ ይሰማሉ፤ ሰብረው ያሸታሉ። ክብደት እንዲያነሳ ውሃ የተረጨበት ከሆነ ከአንድ ትንፋሽ በላይ አይፈጅባቸውም። "አይሆንም" ካሉ ሻጩ ጆንያውን አንስቶ ይሄዳል፤ "ደህና ነው" ካሉ ገዢው አፉን ይዘጋል።

"አፍንጫ በውርስ የሚሰጥ ቢሆን እናንተ የምትፋጁት በዚህ ነበር" ይላሉ፣ የራሳቸውን እየነኩ።

"እኔ ይለፈኝ አባ" ትላለች ትልቋ ልጃቸው ሉብና። "ይሄን ይዤ ማን ያገባኛል?"

ሉብና ግን አገባች፤ ወለደችም። ሌሎቹ ልጆች በየፊናቸው ሄዱ። እሷ ሱቅ ስለምትውል ሴት ልጇ ሱንዱስ ከትምህርት ቤት ስትወጣ አያቶቿ ጋ ነው የምትቆየው። አርብ አርብ አራት ሆነው ይጫወታሉ። አንድ ቀን ሉብና ከስልኳ ላይ አነበበችላቸው፤ በዕድሜ የገፋ ሰው አእምሮውን የሚያሠራ ጨዋታ ካልተጫወተ መርሳት ይመጣበታል ይላል።

"እኔ ሳላነብ ሳደርገው የኖርኩትን" ብላ ሱሀይር ሳቀች።

አምና፣ ከረመዳን በፊት በነበረው አርብ፣ ሙናዊር አብሽ ደረሳቸው። ከወትሮው ረዘም አድርገው አሸተቱ። ከረጢቱን ከአንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ ወደ ሌላው አዛወሩት።

"ጥቁር አዝሙድ" አሉ።

ሱንዱስ አፏን ስትከፍት ሱሀይር የላጠችውን ብርቱካን አጎረሰቻት።

"ትክክል" አለች ሱሀይር።

ጓዳ ውስጥ ሉብና ክንዷን ያዘቻት። "እማ፣ ምን ማለትሽ ነው?"

"ከተሸነፉ ይተዉታል። ከተዉት ደግሞ ያ ስልክሽ ያለው ይመጣል።"

"እና ልንዋሻቸው ነው?"

"ዝም ብለሽ ሳህንሽን እጠቢ።"

አፍንጫቸው ይሁን ጭንቅላታቸው ሱሀይር አላወቀችም። ማወቅም ፈራች። ከዚያ አርብ ጀምሮ ያሉትን ሁሉ "ትክክል" አለቻቸው። ሱንዱስ እንኳ ለመደችው፤ ኮረሪማውን እያወቀች "ቀረፋ" ብላ ትሸነፍና እየሳቀች ወደ ሳህኑ ትሄዳለች። ሙናዊር ደስ ብሏቸው ጋደም ይላሉ። ጨዋታው ከደጃፉ ወጥቶ በርበሬ በረንዳ ድረስ እንደሚከተላቸው ግን ሱሀይር አላሰበችም።

አንድ ቅዳሜ ምስራ መጣች። በርበሬ አስፈጭታና አሰናድታ ለደጋሽ የምታስረክብ፣ ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። አልቀመጥም አለች። ከያዘችው ፌስታል ዛላ አውጥታ ወለሉ ላይ ሰበረችው። ውስጡ ነጭ ሻጋታ ለብሷል።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ ሱሀይር። ጆንያው ሙሉ እንዲህ ነው። የሠርግ ትእዛዝ ነበረኝ፤ ሰዎቹ ከበር መለሱኝ። ሻጩን እኮ አላመንኩትም ነበር። ጋሼ ደህና ነው ስላሉኝ ነው የገዛሁት።"

"እኔ ሻጋታ አላሸተትኩም" አሉ ሙናዊር ከተቀመጡበት። "በኋላ ያስቀመጥሽበት ቦታ ይሆናል።"

"በገዛሁ በማግስቱ ነው የፈታሁት ጋሼ።"

"ትናንት እዚሁ ቤት አስራ ሁለቱንም የለየሁ ሰው ነኝ! ይቻትልሽ፣ ጠይቂያት!"

ምስራ ወደ ሱሀይር ዞረች። ሱሀይር የተሰበረውን ዛላ ታያለች እንጂ ቀና አላለችም። የሙናዊር ድምፅ ወረደ።

"ከረጢቶቹን አምጪ። አንቺ ግን አትሰጪኝም፤ ምስራ ትስጠኝ።"

ዓይናቸውን ራሳቸው አሰሩ። ምስራ አንዱን ፈትታ አየችና ሰጠቻቸው።

"ኮረሪማ።"

"ጋሼ... አብሽ ነው።"

ሌላ ሰጠቻቸው። ብዙ ቆዩበት።

"የማረቆ በርበሬ።"

ምስራ ከረጢቱን ተቀብላ መልሳ ቋጠረችው። ቅርንፉድ ነበር። ሦስተኛውን ስትዘረጋላቸው አልተቀበሏትም፤ ሻርፑን ፈቱት።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አሉ ሱሀይርን።

"ከረመዳን በፊት።"

"ከየትኛው ረመዳን?"

"ካምናው።"

ምስራ ተጎድታ የመጣች አትመስልም ነበር፤ እሷው አፍራ ጎንበስ ብላ ስባሪውን ወደ ፌስታሉ ትለቅም ጀመር።

"ቤቴ ብሸነፍ ሳህን አጥባለሁ" አሉ ሙናዊር። "ሳህን ማጠብ ሞት ነው? ውጭ ስሸነፍ ግን ይቺን አከስራለሁ። ከይቺ በፊት ስንቷን እንዳከሰርኩ በምን ልወቅ?"

"እንዳይከፋዎት ብዬ ነው።"

"አሁንስ?"

ሱሀይር ከረጢቶቹን መሰብሰብ ጀመረች።

ሰኞ ጠዋት በረንዳው ላይ ቆመው "ከእንግዲህ አላሸትም፤ ካምና ወዲህ የነገርኳችሁንም አትመኑ" አሉ ሲባል ሰማች። አንዳንዱ ቀልድ መስሎት ስቋል። እሳቸው ከዚያ ወዲህ ወደዚያ አልሄዱም። ምስራም በሌሎች ደጋሾች ዘንድ ስሟ እንደጠፋ፣ እንደ ድሮው እንደማያዟት ሱሀይር ከሰው ሰማች እንጂ እሷ ራሷ ተመልሳ አልመጣችም።

ጨዋታው ቀረ። ሙናዊር አልጮሁም፣ አላኮረፉም፤ ይበላሉ፣ ይሰግዳሉ፣ ሰላምታ ይመልሳሉ። የሱሀይርን ቃል ብቻውን ግን አይቀበሉም። "ወተቱ የዛሬ ነው" ስትላቸው ፊታቸውን ወደ ሱንዱስ ያዞራሉ።

"አንቺ ልጅ፣ እውነቷን ነው?"

ሱንዱስ ትቀምስና "እውነቷን ነው አባባ" ትላለች። ያኔ ይጠጣሉ።

ልጅቷ ትምህርት ቤት በምትሆንበት ሰዓት ሱሀይር ኩባያውን ፊታቸው ታስቀምጣለች። እያዩዋት ራሷ አንድ ጊዜ ፉት ትልላቸዋለች።

"እሺ፣ አስቀምጪው" ይላሉ።

ወተቱም ሽፋን እየሠራ፣ ልጅቷ እስክትመጣ፣ እንደተቀመጠ ይቆያል።