የኑሪ ሁለት ግራፊክስ ካርድ

ኑሪ ደግ አይደለም የሚል ሰው ልደታ ውስጥ አይገኝም፤ ምክር ይሰማል የሚልም አይገኝም። እኔ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ማመልከቻ እየጻፍኩ የምኖር ጎረቤቱ ነኝ። ሙግት በየቀኑ እሰማለሁ፣ እንደ እሱ ያለ ተከራካሪ ግን አላየሁም።

ቀድሞ የአይሱዙ ሹፌር ነበር። ወገቡን ሲያመው መኪናውን ሸጦ ከባለቤቱ ከፈሪዳ ጋር ከእኔ ክፍል ጎን ጌም ቤት ከፈተ። ያለችው አንዲት ጠንካራ ኮምፒውተር ናት። ሁለት ሰው እስክሪኑን ለሁለት ተካፍሎ መኪና ይሽቀዳደምባታል፤ ተሸናፊ ከፍሎ ይነሳል፣ አሸናፊ ይቆያል። በየዓመቱ የአረፋ ዕለት ከሰዓት የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ እዚያ ይጋጠማል። ኑሪ ያን ቀን የሚወደውን ያህል ሌላ ምንም አይወድም።

ዘንድሮ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ሥር አዲስ ጌም ቤት ተከፈተ። የእኛ ሰፈር ተጫዋቾች አለቃ ደጉ የሚባል የታክሲ ረዳት ነው። አንድ ቀን መጣና፣ «ኑሪ፣ እንዳትቀየመን። የእነሱ ምስል ጥርት ያለ ነው። የአረፋውን ግጥሚያ እዚያ ልናደርገው ነው» አለው።

ኑሪ ያን ቀን ምሳ አልበላም። በማግስቱ መላ አገኘሁ አለ። ምስሉን የሚሠራው ኮምፒውተሯ ውስጥ ያለው ግራፊክስ ካርድ ነው፤ እሱ እንደዚያው ያለ ሁለተኛ ካርድ ገዝቶ መጣ። ኮምፒውተር ጠጋኙ ሮቤራ ካርዱን ሲያየው ራሱን ነቀነቀ።

«አዳዲሶቹ ጌሞች የሚያውቁት አንዱን ካርድ ብቻ ነው። ሁለተኛው መብራት ይበላል፣ ይሞቃል፣ በቃ።»

«አይሱዙ ከኋላ መንታ ጎማ ያለው ለጌጥ ነው እንዴ? ጭነቱን ይካፈሉታል።»

«ይሄ ጎማ አይደለም።»

«አንተ ብቻ ግጠምልኝ።»

ሮቤራ ገጠመለት። የአረፋ ዋዜማ ደጉና ጓደኞቹ ለሙከራ ተጠሩ። ማራገቢያው ያጓራ ጀመር፤ ክፍሉ እንደ ዳቦ ቤት ሞቀ፤ ምስሉ ቅንጣት አልተሻለም። ጭራሽ መኪናዋ ኩርባ ላይ ስትደርስ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ልጆቹ ሳቃቸውን ዋጡ። ደጉ የኑሪን ትከሻ ቸብ ቸብ አድርጎ ወጣ። በኑሪ ነገር ብዙ ጊዜ ተናድጃለሁ፤ ያን ቀን ግን አንጀቴን በላው።

ፈሪዳ ብቻ አላዘነችም። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ኮምፒውተሯን ተመለከተቻት።

«ሁለት ሚስት አንድ ጓዳ ካስገባህ ሰላም ከየት ይመጣል?» አለችው። «አንዷን ለብቻዋ ቤት ፈልግላት።»

«የት አለና ቤቱ?»

ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ ዓባይነህ፣ ነገ ፍርድ ቤት ዝግ ነው አይደል? የእርስዎ ኮምፒውተር ምን ትሠራለች?»

እምቢ ልል ነበር። ኮምፒውተሬ ክስና ይግባኝ የሚጻፍባት እንጂ መኪና የሚነዳባት አይደለችም። ኑሪን ሳየው ግን ከነእስክሪኗ ተሸክሜ አመጣኋት። ሮቤራ ከሱቁ ለካርዱ የሚበቃ መብራት የሚሰጥ ጠንከር ያለ ፓወር ሰፕላይ አመጣ፤ አንዱን ካርድ ነቅሎ የእኔዋ ውስጥ ተከለና ሁለቱን ኮምፒውተሮች በኬብል አገናኛቸው።

በበዓሉ ዕለት ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሙሉ እስክሪን ደረሰው። በግማሽ እስክሪን ዓይናቸውን አጥብበው የኖሩት ልጆች መንገዱን ገና ያን ቀን ያዩት መሰሉ። የሰንጋ ተራው ቤት እንኳ፣ ምስሉ ቢጠራም፣ ያለው አንድ እስክሪን ነው። ደጉ አንድ ዙር ነዳና ስልኩን አወጣ። «እዚሁ ነው፣ ቶሎ ድረሱ» ሲል ሰማሁት። ኑሪ እንባ አቅርሮ ደጋግሞ ዒድ ሙባረክ አለኝ። እኔም ከልቤ ደስ አለኝ።

በመሃል አንዱ ባለተራ ስልክ ሊያነጋግር ሲወጣ ፈሪዳ የበዓል ቀሚሷን ሰብስባ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ልጆቹ አጨበጨቡ፣ አሾፉባት። እሷ ኩርባው ላይ ደጉን ቀድማው ገባች። ለካ ጠዋት ጠዋት፣ ሰው ሳይመጣ፣ ስትለማመድ ነው የከረመችው። ደንብ ነውና ደጉ ከፍሎ ተነሳ፣ እሷ ቆየች። ቀጣዩም ተነሳ፣ ከእሱ የሚቀጥለውም።

መግሪብ ሲቃረብ ልሰናበት ብነሳ ወረፋው በሩ ድረስ መጥቷል። መጨረሻው ላይ ኑሪ በገዛ ቤቱ ተራ ይዞ ቆሟል። ተራው ሲደርስ ወንበሩ ላይ ለመቆየት ሚስቱን ማሸነፍ አለበት። ፊቱን ሳየው ግን እንድትሸነፍ የሚፈልግ አይመስልም ነበር።