ጋኦን የሚለውን ቃል ምን እንዳደረግሁበት

ከመጽሐፍ ቃል ሁሉ ትርጉሙን አጥርቼ የማውቀው አንድ የዕብራይስጥ ቃል ነው። የተማርሁት በእኅቴ ላይ ልጠቀምበት ነው፤ ተጠቀምሁበትም።

ያኔ ፍኖተ ሰላም በአንድ ጽሕፈት ቤት የታይፕ ጸሐፊ ነበርሁ። ታላቅ እኅቴ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ከባሏ ጋር በእርሻ ትኖር ነበር። ባሏ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ስለ ነበረ፣ መሬት ሲደለደል “ቢሮክራት” ተባለና ለም ለሙ ማሳ ተወሰደባቸው። የቀራቸው ጭንጫው ነው። የስም ዝርዝሩን ታይፕ የመታሁት እኔ ነኝ። የባሏ ስም ላይ ስደርስ እጄ አልቆመም። አስቀድሜ ሰው ልኬም አላስነገርኋትም።

ይህን እንዴት እንዳወቀች አላውቅም። በእናታችን ተዝካር ዕለት ሰው ዳስ ሞልቶ ሲበላ ብድግ አለችና፣ “መሬቴን ቆርጣ የሰጠችው እጅ ይችው ናት፤ ዛሬ ደግሞ የናቴን እንጀራ ትቆርሳለች” አለች። ሰው ሁሉ እጄን አየ። የያዝሁትን አስቀምጬ ወጣሁ። ያናደደኝ ሐሰት ስለሆነ አልነበረም። በሰው ፊት ስለ ተባለ ነው።

ሁለት ዓመት ከምናምን ተኳረፍን። በመካከሉ ባሏ ታመመ። መዳኑ አጠራጣሪ ሲሆን ባልና ሚስቱ አብረው ሊቆርቡ ፈለጉ፤ የንስሐ አባታቸው ግን እኅቴ ከእኔ ጋር ሳትታረቅ እንደማያቀርቧት ነገሯት። ባልና ሚስት ተነጣጥለው ስለማይቆርቡ፣ እሷ ካልቀረበች እሱም ሳይቆርብ መሞቱ ነው። ስለዚህ ሦስት ሽማግሌ ላከችብኝ። አንደኛው የባሌ ታላቅ ወንድም ነበሩ፤ አዲስ አበባ ነገረ መለኮት ተምረው የተመለሱ ሰባኪ። ላስብበት ብዬ መለስኋቸው። በሽተኛው ቀን እየቆጠረ እንደሆነ ነግረውኛል።

በዚያው ሳምንት ሰባኪው እኛ ቤት ምሳ ሲበሉ፣ በመጽሐፍ ትዕቢት የሚባለው ነገር በመጀመሪያው ቋንቋ ምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ደስ ብሏቸው አብራሩልኝ። ከቃላቱ አንዱ ጋኦን ነው፤ ሥሩ መነሣት፣ ከፍ ማለት ነው። ወንዝ ሲሞላ፣ ደንገል ከረግረግ ሲያድግ የሚነገረው በዚያው ግስ ነው። ስለ እግዚአብሔር ሲባል ግርማ ይሆናል፤ ስለ ሰው ሲባል ብዙውን ጊዜ ትዕቢት ነው። ከፍታው ለእግዚአብሔር የራሱ ነው፤ ሰው ግን ከፍ ሲል ማንን ረግጦ እንደ ቆመ እግሩ ሥር ይመልከት፣ አሉኝ።

“ማንን አስበሽ ነው?” አሉኝ ቀጥለው።

“ማንንም” አልኋቸው።

ሽማግሌዎቹ ሁለተኛ ሲመጡ ተዘጋጅቼ ጠበቅኋቸው። እኅቴ በሰው ፊት ከፍ ብላ ስለ ተናገረች ዝቅ ብላ፣ ድንጋይ ተሸክማ ትምጣ አልሁ። ከሦስቱ በዕድሜ የገፉት አንገታቸውን ነቀነቁ።

“ልጄ፣ ድንጋይ የሚሸከም ታናሽ ለታላቁ ነው። እሷ አዝላ ያሳደገችሽ ናት።”

“መጽሐፍ ታላቅና ታናሽ አይለይም” አልሁና ጋኦንን ጠቀስሁ። የባሌ ወንድም መሬት መሬት አዩ። ለዚህ ብለው እንዳልነገሩኝ ቀስ ብለው ተናገሩ። እኔ ግን አልመለስሁም።

ቅዳሜ ጧት ከቡሬ በሚኒባስ መጣች። ሰው ለወጉ ያህል ትንሽ ድንጋይ ነው የሚያነሣው። እሷ የአጥራችንን በር የምናስደግፍበትን አነሣች። ደፉ ላይ ስትደርስ ጎንበስ ብላ፣ ድንጋዩን ማጅራቷ ላይ አድርጋ ቆመች። ወጉ የታወቀ ነው፤ የተበደለው ሰው ገና ሲያያት ብድግ ብሎ “አውርዱላት” ይላል።

እኔ ከተቀመጥሁበት አልተነሣሁም። ከመውረዱ በፊት አንድ ነገር ልናገር አልሁ። ስለ ቃሉ ጀመርሁ። ሥሩን ነገርኋት፣ ስለ ወንዙ ነገርኋት፣ ስለ ደንገሉ ነገርኋት። የሰው ልጅ ከፍ ሲል ምን እንደሚባል ነገርኋት። ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራቶ ወደቀ። እጇ ድንጋዩን ስለያዘ ልታነሣው አልቻለችም። ላቧ ወለሉ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ከድንጋዩ ሥር ሆና አንድ ጊዜ ብቻ፣ “እውነት ነው” አለች።

“በቃ፣ ይብቃሽ” አሉ የባሌ ወንድም።

የጀመርሁትን ጨረስሁ። ከዚያ “ይቅር ለእግዚአብሔር” አልሁ።

ተሽቀዳድመው አወረዱላት። ማጅራቷ ተልጦ ነበር። ቀና ሳትል መጥታ ጉልበቴን ሳመች፤ አልከለከልኋትም። ያቀረብሁላትን ምግብ ሁሉ በላች። ሲያበቃ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞራ አሁን መቁረብ ትችል እንደሆነ ጠየቀች። ትችያለሽ አሏት። በእኩለ ቀኑ መኪና ተመለሰች።

ባልና ሚስቱ ቆረቡ። ክረምቱ ሳይወጣ ባሏ ሞተ። ለቅሶ ለመድረስ ጭቃውን አቋርጬ ሄድሁ። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ባሏ የሞተባት ሴት ለገባው ሁሉ አትነሣም፤ ሰው ነው ጎንበስ ብሎ የሚያጽናናት። እኅቴ እኔን ስታይ ተነሣች። ነጠላዋን አጣፋች። ከእኔ የሚበልጡ ሴቶች የተቀመጡበትን መደብ አስለቅቃ፣ “ይግቡ፤ እዚህ ይቀመጡ” አለችኝ። እሷ በሩ ሥር ሄዳ መሬት ላይ ተቀመጠች። እስከዚያ ድረስ “አንቺ ልጅ” ነበር የምትለኝ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

ሰው ሲቀልል ወደ ጓሮ ወሰድኋት። “እታለም፣ እባክሽ እንደ ድሮው አንቺ በይኝ” አልኋት።

“ኧረ እኔ አልደፍርም” አለች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። “ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።”

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል። ክፉ ቃል ተናግራኝ አታውቅም። በሄድሁ ቁጥር ትነሣለች፣ የእጅ ውሃ ራሷ ታስታጥበኛለች፣ እኔ ሳልቀምስ አትቀምስም። ልጆቿም ከእሷ አይተው ሲያዩኝ ይነሣሉ፤ አንዳቸውም አክስቴ አይሉኝም። አሁን ጉልበቷ ታሟል። ግድግዳ ይዛ፣ እያቃሰተች ነው የምትነሣው። አትነሺ ብላት አትሰማኝም። ስለዚህ የምሄደው በዓመት አንድ ጊዜ ሆኗል፤ ሰው ሲጠይቀኝ እሷን ላለማስነሣት ነው እላለሁ።