ቅቤ የገባበት የጥንቸሌ ጆሮ

«ካርቶኑ ውስጥ ያለው ጥንቸል ነው ወይስ ቅቤ?» አለኝ የእንስሳት ሐኪሙ፣ ክዳኑን ገና ሳልከፍተው። ሽታው ቀድሞኝ ገብቷል። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቁት ሳቁ። ከሌሞ ወረዳ የጋሪ ፈረሱን ለማሳከም የመጣ አንድ ሰውዬማ አልማረኝም።

«እህቴ፣ የኔ ፈረስ ጋሪ ይጎትታል። ያንቺዋ ምን ትጎትታለች?»

«አርፈህ ተራህን ጠብቅ!» አልኩት። ፊቴ ግን እሳት ሆኖ ነበር።

ጥጥ የነጯ ጥንቸሌ ስም ነው። በማከክ ጀመራት። በኋለኛ እግሯ ጆሮዋን ትፍቃለች፣ ጭንቅላቷን ታራግፋለች። ቁንጫ ነው ብዬ ተውኩት። ቆይቶ ጆሮዋ ውስጥ ቡናማ ቅርፊት ተደራረበ። እናቴ ሆሳዕና ገበያ ቅቤ ትሸጣለች፤ እኛ ቤት ራስ ምታትም፣ የተሰነጠቀ ተረከዝም፣ የጆሮ ሕመምም የሚታከመው በቅቤ ነው። እኔም ለጋ ቅቤ አቅልጬ ጠብ አደረግኩላት። ቅርፊቱ ሲለሰልስ በፀጉር ማስያዣ ፈነቀልኩት። ደማች። ጮኸች። ጥንቸል እንደምትጮህ አላውቅም ነበር።

አንድ ጠዋት አንገቷ ተጣሞ አገኘኋት። ልትበላ ስትል ትወድቃለች። ትሽከረከራለች። ዓይኗ ይዋልላል። እናቴ አይታ «ይቺ አልቆላታል» አለች። ካርቶን ውስጥ አድርጌያት ባጃጅ ይዤ ወጣሁ።

ሐኪሙ በባትሪ ጆሮዋን አየ።

«የጆሮ እከክ ነው። ማይት የሚባል ትንሽ ተባይ ያመጣዋል። ቅርፊቱ መድኃኒት ሲያገኝ ራሱ ይረግፋል፣ አይነካም። አንቺ ስትፈነቅዪው ቆሰለ፤ ቅቤው ደግሞ ቆሻሻውን ይዞ ገባ። አሁን ኢንፌክሽኑ ውስጠኛው ጆሮ ደርሷል። ሚዛኗን የሚጠብቅላት ይኸው የውስጥ ጆሮ ነው።»

«ትሞታለች?»

«ካልበላች ትሞታለች።»

ቤት አሞክሳሲሊን አለ፣ ልስጣት ወይ አልኩት። ተቆጣ። «ለጥንቸል በአፏ? ትገያታለሽ! የአንጀቷን ጠቃሚ ባክቴሪያ ይጨርሰዋል።» በሚዛን መዝኖ ተባዩን የሚገድል አይቨርሜክቲን ከቆዳዋ ሥር ወጋት። ለኢንፌክሽኑም በአፍ የሚሰጥ ኢንሮፍሎክሳሲን አዘዘልኝ። ከዚያ ከእሷ ጋር የነበሩ ሌሎች ጥንቸሎች እንዳሉ ጠየቀኝ። ሰዎቹ እየሰሙ ነው።

«የሉም» አልኩ።

አሉ። ሁለት ልጆቿን ሆመቾ ከተማ ለምትኖረው ጓደኛዬ ለአስቴር ለርቢ ሰጥቻታለሁ። የታመመች ጥንቸል ልጆችን ለሰው ሰጠች እንዳልባል ብዬ ነው የዋሸሁት።

ቤት ስንደርስ አልበላችም። ጎመን አልበላችም። ካሮት አልበላችም። እናቴ ለካ ከገበያ ስትመለስ ከመንገድ ዳር ለምለም ሣር አጭዳ ኖሯል፤ አልቆላታል ያለቻት ራሷ ጥጥን በነጠላዋ ጠቅልላ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠቻትና አንድ አንድ ሰበዝ እያቀረበችላት «ብይ እንጂ አንቺ ግትር» ትላት ጀመር። አፏ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ወዲህ እኔ መድኃኒቱን መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በአፏ ጎን ቀስ እያደረግኩ ስሰጥ፣ እናቴ ሣር ስታቀርብ፣ የጥጥን ማደሪያ በፈላ ውኃ ሳጥብና የተኛችበትን ጭድ ሳቃጥል ሰነበትን። ቅርፊቱም ሐኪሙ እንዳለው ማንም ሳይነካው ረገፈ፣ ከሥሩም ሮዝ ጤነኛ ቆዳ ወጣ። አንገቷ ዛሬም ትንሽ ዘመም ይላል፤ ትሮጣለች ግን።

በቀጠረኝ ቀን ጥጥን ይዤ ለሁለተኛው መርፌ ስመለስ ሐኪሙ «እከኩ የሚመለሰው ከሌላ ጥንቸል ከተላለፈባት ነው» አለኝ። ያኔ ስለ አስቴር ጥንቸሎች ነገርኩት። አልሰደበኝም። «ይዘሻቸው ነይ» ብቻ አለ። ለእሱም ለእናቴም ምስጋናዬ ትልቅ ነው። እናንተም ጥንቸላችሁ ጆሮዋን ስታክ ወይ ጭንቅላቷን ስታራግፍ ካያችሁ አንገቷ እስኪጣመም አትጠብቁ። ጆሮዋ ውስጥ ምንም አትጨምሩ። የሰው መድኃኒት አትስጧት። አብረዋት የነበሩትን ሁሉ አሳክሙ፣ ሐኪም ሲጠይቃችሁም እውነቱን ንገሩት፤ የሚስቅ ይሳቅ።

ያን ቀን ከክሊኒኩ እንደወጣሁ ለአስቴር ደወልኩ።

«አስቴርዬ፣ ጥንቸሎቹ ጆሯቸውን ያካሉ እንዴ?»

«ውይ፣ በምን አወቅሽ? አንዷማ ቡናማ ነገር አውጥታለች። ከእናትሽ ትንሽ ለጋ ቅቤ ላኪልኝ ልልሽ ነበር፣ ላለስልሰው።»

«እንዳትነኪው! እኔ ነኝ የታመሙ የሰጠሁሽ። መጣሁ።»

መልሷን ሳልሰማ ዘጋሁት። ጥጥን ለእናቴ አደረስኩና ባዶውን ካርቶን ይዤ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ። የሆመቾው መኪና ሊሞላ አንድ ሰው ቀርቶት ነበር። ገባሁ።