የአጎቴ ሁለተኛ ሚዛን

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አጎቴ አማን ከተማ ውስጥ ባለው ቤታቸው አረፉ። ነጋዴው የመዘነውን ቡና በራሳቸው ሚዛን ደግመው ሳይመዝኑ አስረክበው አያውቁም ነበር።

የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል በአዲስ የደም ግፊት መድኃኒት ጥናት እንዲሳተፉ ሲጠይቃቸውም ቅጹን ለእኔና ለጎረቤታችን ለየብቻ አስነበቡ። ከዚያ የጥናቱን ነርስ መድኃኒቱ እንዴት እንደሚታደል ጠየቋት።

«ግማሹ ሰው አዲሱን፣ ግማሹ የቆየውን ይወስዳል። የሚለየው በዕጣ ነው፤ እንዳያዳላ ሐኪሙም አያውቅም።»

«ሐኪሙ የማያውቀውን እኔ ልዋጥ?»

«ባሰኘዎት ቀን ያቆማሉ፣ አባባ።»

ፈረሙ። ሲሞቱ እኔ አዲሱን መድኃኒት ጠረጠርኩ።

ሚዛናቸው በረንዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው። ከቀብር በኋላ ሆስፒታል ሄድኩ። ተሳታፊ ሲሞት የትኛውን መድኃኒት ይወስድ እንደነበር የተጻፈበት የዕጣው ፖስታ ይከፈታል። ሐኪሙ ከፍቶ ሰጠኝ። አነበብኩት፤ ነርሷንም ለብቻዋ አስነበብኳት። ሁለታችንም ያነበብነው የቆየውን መድኃኒት ስም ነው።