ጀልባ ያመለጠው ሽማግሌ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት... ነጭ ጋቢ ለብሼ ባሕር ዳር ወደብ ላይ ቆሜያለሁ። ለእህቴ ልጅ ለበላይ ሚስት ልንጠይቅለት በጀልባ ወደ ዘጌ፣ ወደ ልጅቷ አባት ወደ አያ ሞላ ቤት ልንሻገር ነው። ሽማግሌዎቹ ሦስት ነን፤ አንድ ቄስ፣ አንድ ጎረቤታችንና እኔ። ዕድሜዬን በጋዜጣ ሥራ ስላሳለፍሁ ተናጋሪ የተደረግሁት እኔ ነኝ።

በላይ ከሰፈራችን ከፋሲሎ እስከ ወደቡ ሸኝቶን ሲመለስ ወደ ጎን ሳበኝ።

«ጋሼ፣ አደራ... ሌላ ሰውም ሽማግሌ ሊልክባት ነው ይባላል። ዛሬ እሺ ካላሉን አለቀልኝ።»

«እኔ እያለሁ?» አልሁት።

ጀልባው እስኪነሣ ትንሽ ጊዜ ነበረን። እኔ ደግሞ ዝም ብሎ መቀመጥ አልችልበትም። ትኬት መቁረጫው አጠገብ አንድ አዛውንት ተቀምጠዋል። አያ ካሤ ይባላሉ፤ ድሮ የጀልባ ሠራተኛ ነበሩ፣ ያን ዕለት ግን እንደኛው ወደ ዘጌ የሚሳፈሩ መንገደኛ ናቸው። የወደቡን ታሪክና አገልግሎት ለጋዜጣ ብጽፈውስ ብዬ አንድ ጥያቄ ጠየቅኋቸው። መቼም የእኔ ጥያቄ አንድ ሆኖ አያውቅም።

የብረት ጀልባ ሳይመጣ ቡናውም ማገዶውም በደንገል ታንኳ ይጫን እንደነበር ነገሩኝ። ጀልባው ከመጣ በኋላ በግ የያዘ ከኋላ፣ ደብዳቤ የያዘ ከነጂው አጠገብ ነበር የሚቀመጠው። የመሸበት መንገደኛ ያድርበት የነበረውን መጠለያ ላሳይህ ብለው ከወደቡ ግንብ ጀርባ ወሰዱኝ። እዚያ ቆመን፣ የድሮው ጀልባ ሲነሣ እንዴት ይጮህ እንደነበር በአፋቸው አሰሙኝ።

«ቡዉዉዉ!»

ትንፋሻቸው አስገረመኝ። በዚህ ዕድሜ! አልሁ በልቤ። ለካ እሳቸው ከጨረሱ ቆይተዋል... የሚጮኸው የእኛ ጀልባ ነው።

ሮጠን ስንደርስ ርቋል። ቄሱ ከጀልባው ኋላ ላይ ቆመው መስቀላቸውን ያወዛውዛሉ። ይጠሩኝ ይሁን ይገዝቱኝ፣ ከሩቅ አይለይም።

«ስንቱን ሰው ሳሳፍር ኖሬ ዛሬ በአንተ የተነሣ ጀልባ ያምልጠኝ!» አሉ አያ ካሤ። «ደግሞ በዛሬው ቀን! የወንድሜን ልጅ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። እኔ ሳልኖር መልስ አይሰጥም።»

ጋቢዬን ሰብሰብ አደረግሁ።

«አያ ካሤ... ወንድምዎ አያ ሞላ ይባላሉ?»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«አንተ ነህ እንዴ ሽማግሌው?»

«የቀሩት ሁለቱ በጀልባው ሄደዋል» አልሁ።

አንድ ዓሣ አጥማጅ ለምነን ተሳፈርን። ዘጌ ስንቃረብ አያ ካሤ ከመንደሩ ቀደም ብሎ ታንኳውን አስቆሙትና «ውረድ» አሉኝ።

«እዚህ? መንደሩ እኮ ገና ነው።»

«ከጠያቂ ጋር በአንድ ጀልባ ብገባ ውኃ ላይ ጨርሰው መጡ ይሉኛል። በእግርህ ና!»

ልክ ናቸው። የሴት ልጅ ወገን ቢወድም ኮስተር ይላል፤ ጠያቂን ሁለት ሦስቴ ሳያመላልስ እሺ አይልም።

በቡናው ጫካ ስወጣ ስወርድ ደረስሁ። ጋቢዬን እሾህ ቦጫጭቆታል፤ ጫማዬ በጭቃ ተለውሷል። ጓደኞቼ ደጃፍ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። አያ ካሤ ቀድመውኝ ገብተው፣ ኩታቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ቆመዋል። በሕይወታቸው አይተውኝ እንደማያውቁ ሁሉ አተኩረው አዩኝ።

«እነማን ናችሁ? ከየት መጣችሁ?»

ከየት እንደመጣሁማ ከሳቸው በላይ ማን ያውቃል! ስንት ቀን ያሰማመርሁት ንግግር ነበረኝ... ትንፋሼ እንቢ አለ። «ልጃችሁን... ለልጃችን...» ብዬ ቀረሁ። ቄሱ ጨረሱልኝ።

ወንድማማቾቹ ሊማከሩ ወደ ውስጥ ገቡ። ድምፃቸው ግን እኛ ዘንድ ይደርሳል።

«ወጉ ነው፣ ሌላ ቀን ይምጡ እንበላቸው» አሉ አባትየው።

«እኒያን ሰውዬ?» አሉ አያ ካሤ። «ሌላ ቀን ብንላቸው ጀልባ ያመልጣቸዋል። ልጅቷ እሳቸውን ስትጠብቅ ታርጅ? ልጁን የምትፈልገው እንደሆነ ጠይቃትና ዛሬውኑ እንገላገል!»

ልጅቷ ተጠየቀች... ፈቀደች። እኛም ገብታችሁ ተቀመጡ ተባልን።

ለበላይ ስደውልለት በደስታ ጮኸ። «ጋሼ፣ ምን ብለው አሳመኗቸው?»

ቄሱ አጠገቤ ስለነበሩ መዋሸት አልቻልሁም። ስልኩን ለሳቸው ሰጠሁ።

የባሕር ዳርን ወደብ ታሪክ የሚፈልግ እኔን ይጠይቀኝ... ጀልባው ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ግን ሌላ ሰው ይጠይቅ።