ሳሙና የማይቀበለው ነጠላ

ውሃውን በጠርሙስ ትቀጃለሽ፤ እስከ ግማሹ ብቻ። ከሳሙናው ጥፍር የምታህል ትፍቂና ትጨምሪያለሽ። አፉን በመዳፍሽ ደፍነሽ ትንጪዋለሽ፤ ከዚያ ድንጋይ ላይ ታቆሚዋለሽ። ውሃው ሳሙና የሚቀበል ከሆነ አረፋው እስከ ጠርሙሱ አንገት ወጥቶ ይቆማል። የማይቀበል ከሆነ አረፋው ገና ሲነሳ ይሞታል፤ ውሃው የተበጣጠሰ ወተት ይመስላል፤ ላዩ ላይ ነጭ ነገር ይንሳፈፋል። ያን ውሃ ለልብስ አትንኪው። ሳሙናሽን ይበላና ልብሱን እንደ ቆዳ አድርቆ ይመልስልሻል።

ይህን ያስተማሩኝ ኮምቦልቻ፣ ከጣልያን ሰፈር፣ አብረውኝ ልብስ ያጥቡ የነበሩ ሴት ናቸው። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ እትዬ እላቸው ነበር። ሳሙና የለመዱት በልጅነታቸው፣ ደሴ አንድ የመናዊ ነጋዴ ቤት ሲያገለግሉ ነው። ሌሎቻችን የምናውቀው እንዶድ ነበር። እንዶድ በማንኛውም ውሃ አረፋ ያወጣል፤ ስለ ውሃው አንድም ነገር አይነግርሽም።

እትዬ ጠርሙሱን ካቆሙ በኋላ የቁርኣኑን መክፈቻ፣ ፋቲሃን፣ አንድ ጊዜ ይቀራሉ። ቀርተው ሲጨርሱ አረፋው ካልወረደ ውሃው ይሆናል ማለት ነው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ፋቲሃ አላውቅም፤ ፊደል እቆጥር ነበር። አባቴ ከወንድሞቼ ጋር አስቀምጦኝ ሀ ሁ ብዬ እስከ ተ ደርሼ ነበር። ከዚያ እናቴ ታመመችና ለቤት ሥራ ተነሳሁ። የቀረውን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው እንደ ምንም የለቃቀምሁት። ስለዚህ የእኔ ልክ ከሀ እስከ ተ ነበር። ከእትዬ ፋቲሃ ጋር ብዙ አይራራቅም።

ጣልያን ደሴ በገባ በሁለተኛው ዓመት ነው። ባሌ ከሞተ ቆይቷል። ሰኞ ጧት ካሚዮን ከደሴ ይጭነንና ቁልቁለቱን ወርደን ኮምቦልቻ እንገባለን፤ ሳምንቱን እዚያው በቆርቆሮ መጠለያ እናድራለን፤ ቅዳሜ ይመልሱናል። ቤት የምትቀረው አንዲቱ ልጄ ነበረች። ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር።

አንድ እሑድ ጧት ቱርጁማኑ ቤቴ ድረስ መጣ። የሰፈሩ አዛዥ የሆነው የጣልያን ሻለቃ አስተርጓሚ ነው። ያገራችን ሰው ነው፤ ጫማው ግን የእነሱ ነው። ከደጅ ቆሞ ልጄን ውሃ አምጪልኝ አላት። አመጣችለት። አልጠጣውም፤ ይዞት ቆሞ ስትሄድ ስትመለስ ያያታል።

"ሻለቃው ቤት የምትሠራ ልጅ ትፈለጋለች" አለኝ። "ያንቺዋ ደርሳለች።"

"ሥራ አታውቅም፣ ጌታዬ።"

"እዚያ ትለምዳለች። ነገ ካሚዮኑ ላይ ይዘሻት ውጪ።"

ሻለቃው ቤት ገብታ የወጣች ልጅ አውቃለሁ። ምንጭ ስትወርድ አያታለሁ። ማድጋዋ ሞልቶ እየፈሰሰ ቆማ ታየዋለች፤ ሰው ካልነካት አታነሳውም።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ባሌን ያውቀው የነበረ የወረባቦ ነጋዴ በቅሎዎቹን ጭኖ ሊሄድ ነበር። ልጄን ከእሱ ጋር ሰደድኋት፤ እዚያው ወረባቦ፣ ቢስቲማ፣ ከባሌ እህት ዘንድ። አላለቀስሁም። እሷም አላለቀሰችም። ሁለት ነጠላ ነበራት። አንዱን አለበስኋትና አንዱን አስቀረሁ። "ደኅና ከሆንሽ የለበስሽውን አጥበሽ በነጋዴው ላኪልኝ፤ እኔም ይሄኛውን እልክልሻለሁ። እንዲህ እየተለዋወጥን እንቆያለን። ደኅና ካልሆንሽ ምንም አትላኪ" አልኋት።

ሰኞ ካሚዮኑ ላይ ብቻዬን ወጣሁ።

"የት አለች?" አለኝ ቱርጁማኑ።

"ኩታበር ሄደች፣ ጌታዬ። አክስቴ ታማ።"

ኩታበር ያልሁት ሌላ ስም አፌ ላይ ስላልመጣ ነው። ከቢስቲማ ተቃራኒ በመሆኑ ደስ ያለኝ በኋላ ነው።

"መቼ ታመመች?"

"ትናንት መልእክት መጣ።"

"እኔ ስወጣ? በሽታውም ሰዓት ያውቃል ማለት ነው" ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ ባየኝ ቁጥር "አክስትሽ አልሞተችም?" ይለኛል። "አልሞተችም" እለዋለሁ። "ጠንካራ ናት። አንድ ቀን በካሚዮን ብቅ ብዬ እጠይቃታለሁ" ይላል። ይህን በሚልበት ጊዜ ቀና ሳልል ልብሱን አሻለሁ።

ነጠላው በወሩ መጣ። ንጹሕ ነው፤ ግን ሻካራ ነው፤ ሲያጥፉት እንደ ወረቀት ይሰበራል። ቢስቲማ ያሉበት ቤት ውሃው የጉድጓድ ነው፤ ሳሙና አይቀበልም። ጉንጬ ላይ አድርጌ ሻካራነቱን አየሁት። በሕይወት አለች፣ እዚያው ናት፣ አልሁ። ከዚያ በላይ የተሰማኝ ነገር የለም።

አሁን ጥፋቴን ልናገር።

የሰፈሩ ሳሙና በቁጥር ነበር የሚሰጠን። አንድ ሰሞን ቶሎ ቶሎ አለቀና የዕቃ ቤቱ ጣልያን ሴቶቹ እየሰረቁ ነው አለ። ቱርጁማኑ መጣና አሰለፈን።

"ሳሙናውን ትበሉታላችሁ ወይ ነው የሚለው።"

"ብንበላውማ ጌታው፣ ስናወራ አረፋ ይወጣን ነበር" አሉት እትዬ።

ሴቶቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። እኔ በሥራ ቦታ አፍ ያለኝ ሰው አልነበርሁም። ያን ቀን ግን አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ይህን ሰው ባስቀው፣ ጠቃሚ ሰው ብሆንለት፣ ልጄን ይረሳታል አልሁ። ሁለት ጠርሙስ አነሳሁ። በአንዱ የምናጥብበትን የሰፈሩን ጉድጓድ ውሃ፣ በሌላው ከቆርቆሮው ጠርዝ የወረደውን የዝናብ ውሃ ቀዳሁ። ሳሙና ፍቄ ጨመርሁ፤ ናጥሁ፤ ፊቱ አቆምሁ። የዝናቡ ቆመ። የጉድጓዱ ተበጣጠሰ።

"ሳሙናውን የሚሰርቀው ጉድጓዱ ነው፣ ጌታዬ" አልሁት።

እንደ ልጅ ተደሰተ። ጠርሙሱን ተቀብሎ ራሱ ናጠው። ጣልያኑን ጠርቶ አሳየው። በሳምንቱ አሸንዳ ተሠራልን፤ ትልቅ በርሜል መጣልን። ትእዛዝም ወጣ፤ የሻለቃው ሸሚዝ በበርሜሉ የዝናብ ውሃ ብቻ እንዲታጠብ። ያጠፋች ትባረራለች ተባለ። ጠርሙሱን በሲባጎ አሥሮ ምሰሶው ላይ ሰቀለው፤ በመጣ ቁጥር እያወረደ ይንጠዋል።

እኔም አላቆምሁ። "ልብስም ይናገራል፣ ጌታዬ" አልሁት። "በመጥፎ ውሃ የታጠበ ልብስ የዝናብ ውሃ ውስጥ ቢገባ ያንንም ይበጣጥሰዋል። የነበረበትን ይዞ ነው የሚመጣ።"

"እንግዲያው ሸሚዝ የት እንደ ዋለ ይናገራል በይኛ።"

"ይናገራል።"

"የኩታበር ውሃስ?"

"የኩታበርማ እንደ ዝናብ ነው። የልጄ ነጠላ ከዚያ ሲመጣ እንደ ጥጥ ይለሰልሳል" አልሁት።

ማንም ያንን በይ አላለኝም። ውሸቴን ላሳምር ብዬ ነው።

ዝናቡ ሳይወጣ፣ በአንድ ገበያ ቀን፣ የወረባቦው ነጋዴ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ በዓይኑ ጠራኝ። ነጠላውን ተቀበልሁትና ከቅርጫቴ ሥር ወሸቅሁት። እትዬ አዩኝ።

"የልጅቱ ነው? ወዲህ በይው፤ የሻለቃው ሸሚዝ ወጥቷል፣ ገንዳው ውስጥ የቀረው የዝናብ ውሃ ይበቃዋል።"

"ይቅር እትዬ፣ ታጥቦ ነው የመጣው።"

"ወላሂ ይሄ ታጠበ ይባላል? ሰሌን እኮ ነው የሚመስል።"

ለእሳቸውም ኩታበር ናት ብዬ ነበር። ብነጥቃቸው ሴቶቹ ሁሉ ምን ሆነች ይላሉ። ለቀቅሁላቸው። ገንዳው ውስጥ ነከሩት፤ ሳሙና አስነኩት፤ አሹት። አረፋ የለም። ደገሙት። ሸሚዞቹ ሲታጠቡ ያ ውሃ አረፋው ከገንዳው ይፈስ ነበር። አሁን ነጭ ነጩ ተንሳፈፈ።

እትዬ እጃቸው ቆመ። ቀና ብለው አዩኝ። ነጠላውን ወደ ታች ደፈቁት።

የጫማ ድምፅ ሰማሁ። ቱርጁማኑ የሻለቃውን ሸሚዝ ሊጠይቅ መጥቶ ነው። ገንዳው አጠገብ ቆመና የነጠላውን ጥለት በጣቱ አነሳ።

"ሻለቃው ነጠላ መልበስ ጀመረ እንዴ?"

"የልጇ ነው" አለች አንዷ ሴት፤ ለደግ ብላ ነው። "ከኩታበር ልካላት።"

"ከኩታበር" አለ። ጎንበስ ብሎ ውሃውን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። "አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ። ይሄ ለምን ተበጣጠሰ?"

ልጄ ያለቀላት መሰለኝ፤ ገበያው ውስጥ ያለውን የወረባቦ ነጋዴ ሁሉ ሰብስቦ ሲጠይቅ ታየኝ።

"ገንዳው ውስጥ ያለው የበርሜሉ ውሃ አይደለም?" አለ እንደገና።

"የጉድጓዱ ነው፣ ጌታው" አሉ እትዬ።

"የሻለቃው ሸሚዝ አሁን የወጣው ከዚሁ ገንዳ ነው።"

"ከዚሁ ነው።"

"በጉድጓድ ውሃ አጠብሽው?"

"በርሜሉ ራቀኝ። ወገቤ ነው።"

በርሜሉ አራት እርምጃ አይሞላም። እሱም አየው፣ እኔም አየሁት። ሸሚዞቹ ጨምቀን ድንጋይ ላይ ያኖርናቸው ናቸው። አንዱን አንስቶ ኮሌታውን በሁለት ጣቱ አሸው። እርጥብ ጨርቅ ግን አይናገርም፤ ሲደርቅ ነው የሚሻክር።

"ነገ ሲደርቅ አየዋለሁ" አለ። "አንቺ ግን ውጪ። ዛሬውኑ።"

እትዬ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። ቅርጫታቸውን አነሱ። በአጠገቤ ሲያልፉ አላዩኝም። እኔም እኔ ነኝ፣ ልጄ ናት፣ አላልሁም። ደሴ በእግር ዳገት ነው። ያን ዳገት ብቻቸውን ሄዱት።

ሌሎቹ ሴቶች ምሳ ሲወጡ ሸሚዞቹን ሰበሰብሁ። ስድስት ነበሩ። ገንዳውን ደፋሁ፤ ከጉድጓዱ ቀድቼ ሞላሁት። በደንብ ሳሙና አድርጌ ስድስቱንም በዚያ ውሃ አጠብሁ። አለቅልቄ ደግሜ አጠብሁ። ነጩ ነገር ኮሌታው ላይ እስኪጋገር ድረስ አሸሁት። ለስላሳ ሆነው ቢደርቁ እትዬ መዋሸታቸው ይታወቃል፤ ነጠላው ከየት እንደ መጣም ይታወቃል። ሻካራ ከሆኑ ደግሞ የእትዬ ጥፋት የተረጋገጠ ነው። ይህን እያወቅሁ ነው ያጠብሁት።

በማግስቱ መጣ። ኮሌታውን አሸው። እንደ ጠፍር ደርቋል።

"አሮጊቷ እውነቷን ነው" አለ። ነጠላውን አልጠየቀኝም።

ቅዳሜ ደሴ ስገባ እትዬ ቤት ሄድሁ። ደጃፍ ላይ ምስር ይለቅሙ ነበር።

"ሸሚዞቹን በጉድጓድ ውሃ አጠብኋቸው፣ እትዬ።"

"ደግ አደረግሽ። አለዚያ በከንቱ ነበር የወጣሁት።"

"ልጄ..." አልሁ።

"አትንገሪኝ። ኩታበር ናት ብለሽኛል፣ ኩታበር ናት። ያላወቅሁትን ማንም አያወጣጣኝም።" ምስሩን ነፋ ነፋ አደረጉ። "ደግሞ አንቺ ልጅ፣ ሁለተኛ አጥባ አትላክ።"

አጠገባቸው ተቀምጬ ምስር ለቀምሁላቸው። በእሳቸው ቦታ ሌላ ሴት ገባች፤ እትዬ ከዚያ በኋላ የሰው ቤት ጥጥ እየፈተሉ ኖሩ።

ለነጋዴው ነገርሁት። ከዚያ ወዲህ ነጠላው እንዳደፈ ይመጣ ጀመር። ጭስና ላብ ይሸታል፤ የእሷ ጠረን ነው። ሻካራ አይደለም፣ ለስላሳም አይደለም፤ ያደፈ ነው። ማንም እጁን አያስገባበትም። ደሴ ወስጄ ሳላጥበው አስቀምጠዋለሁ፤ ሌላውን በነጋዴው ስልክላት ደግሞ ይለወጣል።

ቱርጁማኑ ጠርሙሱን መናጡን አልተወም። አክስቴን መጠየቁንም አልተወም። በተከታዩ ዓመት ሻለቃው ወደ ሌላ አገር ተዛወረ፤ ቱርጁማኑም አብሮት ሄደ። ዕቃቸው ሲጫን ቆሜ አየሁ። ደስ አላለኝም። ይመለሳል ብዬ ስድስት ወር ጠበቅሁ። ከዚያ ነው ልጄን ያስመጣኋት።

የመጣች ቀን ፀጉሯ እንደ ገለባ ደርቆ ነበር። ልብሷን ሁሉ አስወለቅኋትና የእኔን አልብሼ ይዣት ምንጭ ወረድሁ። የመጀመሪያው ውሃ ተበጣጠሰ። ደፋሁት። ሁለተኛውም ተበጣጠሰ። ደፋሁት። እሷ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስለ አክስቷ፣ ስለ በቅሎዎቹ፣ እዚያ ስለ ለመደቻት ጓደኛዋ ታወራልኛለች። አልሰማኋትም፤ ፊደል እየቆጠርሁ ነበር። በአራተኛው ውሃ፣ ተ ስደርስ፣ አረፋው ቆሞ ነበር።

"እማዬ፣ ትሰሚኛለሽ?" አለችኝ።

"እሰማለሁ" አልኋትና አምስተኛ ቀዳሁ።