ያለቀ ጋዝ ሲነጋ አይመለስም

አባቴ ባንቴ፣ ካርቲየ 2 በሚባለው የወደብ ከተማችን ሰፈር ውስጥ ሠላሳ ዓመት ክሊማ ጠግኗል፤ የአየር ማቀዝቀዣ ማለቴ ነው። ማንኛውንም ማሽን ከመክፈቱ በፊት ባለቤቱን አንድ ነገር ይጠይቃል፦ «መቼ መቼ ነው እንቢ የሚለው?» ብልሽቱን ሳያይ የማቀዝቀዣ ጋዝ የሚሞላ ሠራተኛ ካገኘ በዚያው ቀን ያሰናብተዋል። አርብ አርብ የመሣሪያ ቦርሳውን የምሸከመው እኔ ነኝ። ከዐሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ ለሌላ ሰው አስይዞት አያውቅም።

«እኔ የማላውቀውን ይንገሩሽ» ብሎ አንድ የግል ዩኒቨርሲቲ አስገባኝና፣ በመጨረሻው ዓመት ዶክተር መልአኩ እጅ ወደቅሁ።

ዶክተር መልአኩ ሦስት ቀን ሆቴል ውስጥ ስልጠና ወስዶ ሲመለስ ማስተማር አቆመ። «ከዛሬ ጀምሮ አስተማሪ አይደለሁም፣ አመቻች ነኝ» አለን። ችግር ተኮር ትምህርት ነው አሉ፦ ችግር ይሰጣችኋል፣ በቡድን ሆናችሁ ራሳችሁ ትፈቱታላችሁ። ሐሳቡስ አይጠላም፤ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው እሱኑ ነው። የእኛ ዶክተር ግን ከሐሳቡ የወሰደው ወንበር በክብ መደርደሩንና ባለቀለም ወረቀት ግድግዳ ላይ መለጠፉን ብቻ ነው። ጥጉን ይዞ ስልኩን ይነካካል። ስንጠይቀው «አንቺስ ምን ይመስልሻል?» ይላል። እኔ የሚመስለኝን ለመስማት ዶክተር ምን ያደርግልኛል!

የሰጠን ችግር ይህ ነበር፦ ወደቡ አጠገብ ያለ የዓሣ ማቆያ ክፍል ንጋት ላይ ይቀዘቅዛል፣ ቀትር ላይ እንቢ ይላል። ለምን? ስምንት ሆነን ሁለት ሳምንት ተከራከርን። እንዲህ ዓይነት ማሽን ሄደን እንይ ብዬ ብጠይቀው ዶክተሩ ሳቀብኝ።

«ማሽን የለም። ችግሩ ወረቀቱ ላይ ያለው ነው።»

እሺ ብዬ «ጨው ነው» ብዬ ጻፍኩ። የባሕሩ ጨው የማሽኑን የውጪ ክፍል ደፍኖታል፤ ፀሐዩ ሲበረታ ሙቀቱን ማስወጣት ያቅተዋል። ዶክተሩ እጅ ላይ ያለው የመልስ ወረቀት ግን «ጋዝ አልቋል» ይላል።

«ዶክተር፣ ያለቀ ጋዝ ሲነጋ አይመለስም እኮ» አልኩት።

«ራኬብ፣ ሂደቱን አልተከተልሽም» ብሎ ጣለኝ። ትምህርቱን በዓመቱ ካልደገምኩ ዲግሪ የለም።

ሐምሌ ላይ የዶክተሩ የራሱ ቤት ክሊማ ተበላሸና አባቴን ጠራው። ቦርሳውን ይዤ ተከትዬ ገባሁ። ዶክተሩ ሲያየኝ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሽ ባንቴ፣ ጋዝ ሳያልቅበት አይቀርም።»

«መቼ መቼ ነው እንቢ የሚለው?»

«ቀትር ላይ። ጠዋትማ ደህና ነው።»

አባቴ ዞር ብሎ አየኝና፣ የክሊማውን የውጪ ክፍል ከፍቶ በውኃ አጠበው። ነጭ እጣቢ ወረደ፣ ቤቱ ቀዘቀዘ። ዶክተሩ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ «ጨው» ብሎ ሲጽፍ በዓይኔ አየሁ። ስለ ውጤቴ ግን ትንፍሽ አላለም። ስንወጣ አባቴ «አይዞሽ፣ ተምሯል» አለኝ። የዋህ ነው አባቴ።

በዓመቱ ደግሜ ተቀመጥኩ። ችግሩ ታድሷል፦ ከባሕር ርቆ ያለ ቢሮ፣ ክሊማው ሌት ተቀን አይቀዘቅዝም፣ የቱቦው መጋጠሚያ ላይ የዘይት እድፍ አለ፣ እሽሽ የሚል ድምፅ ይሰማል። ጋዝ የሚያፈስ ማሽን በዓለም ላይ ካለ ይኸው ነው! ዶክተሩ ግን የመልስ ወረቀቱን ደረቱ ላይ ይዞ ፈገግ ብሎ ያየኛል። ምን ብሎ እንደጻፈበት አላጣሁትም።

«ጨው» ብዬ ጻፍኩ።

ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። «አሁን ገና ችግር መፍታት ገባሽ» አለኝ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ። እኔም ሳቅሁለት። እሱን የናቅሁትን ያህል ራሴንም ናቅሁ።

ሐሙስ ዕለት አባቴ ማለፌን ለጎረቤቱ ሁሉ አዳረሰ። ራት ላይ እንደ ልማዱ ጠየቀኝ።

«ማሽኑ ምን ሆኖ ነበር?»

«ጋዝ እያፈሰሰ ነበር።»

«ጎሽ! እሱን ነዋ የጻፍሽው?»

«ጨው ነው ያልኩት፣ አባዬ። እሱ የሚፈልገው መልስ ያ ነበር።»

አባቴ ራቱን ጨረሰ። በነጋታው አርብ ነበር። ስነሳ ቦርሳው ቦታው ላይ የለም። ራሱ ተሸክሞት ወጥቷል።